ኦቦ ዲንቃ ያዳኑን ኩርባ

እኔ ከሚጥል ሰው ይልቅ የሚያድን ሰው ያስፈራኛል። ግራ አትጋቡ፣ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። የጣላችሁ ሰው ጥሎ ይሄዳል፤ ትነሣላችሁ፣ አቧራችሁን ታራግፋላችሁ፣ ረግማችሁት ቤታችሁ ትገባላችሁ። ያዳናችሁ ሰው ግን አይሄድም። ለቅሶ ቤት ታገኙታላችሁ፣ ማኅበር ላይ ታገኙታላችሁ፣ ገበያ መሐል ትከሻችሁን ይዞ «ያኔ እኔ ባልኖር ኖሮ» ይላችኋል። እናንተም ዕድሜ ልካችሁን አንገታችሁን ሰበር አድርጋችሁ «እውነት ነው» ስትሉ ትኖራላችሁ። አደጋውን ያመጣው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አዳኙ ራሱ ከሆነማ ምስጋናው እጥፍ ነው።

ፊደል አልቆጠርኩም። በቅሎ ግን አውቃለሁ። እኛ ሱሉልታ ያደግን ሰዎች ከእናታችን ጀርባ ወርደን የምንወጣው ኮርቻ ላይ ነበር፤ ሴት ወንድ አይባልም። ልጅ መጀመሪያ እርካብ ሲረግጥ የሚነገረው ምክር ደግሞ አንድ ነው፤ «ገደል ባየህ ጊዜ ገላህን ወደ ተራራው ጣል።» በቅሎዋ የራሷን ታውቃለች፣ እግሯ ዓይን አለው። አንተ ብቻ ወደ ገደሉ አትዘንበል። ይህ ምክር በጆሮ ገብቶ አጥንት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እንቅልፍ ላይ እንኳ ብትሆኑ ገላችሁ ወደ ተራራው ይሄዳል።

እንግዲህ በጃንሆይ ጊዜ ነው። የስልክ ሽቦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንጦጦን ተሻግሮ በደጃችን ያልፍ ነበር፤ ለኛ ስልክ ባይኖረንም ሽቦው ሲያልፍ ማየቱ ራሱ ክብር ነው። ታደሰ የሚባል የምንጃር ልጅ የዚያ ሽቦ ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረና መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ሞተር ብስክሌት መመላለስ ጀመረ። ሞተሩን ዶቅዶቄ ነበር የምንለው። ድምፁ ገና ከዳገቱ ሲሰማ ላሞቹ ጭራቸውን ሰቅለው ይሮጣሉ፣ ውሻው አልጋ ሥር ይገባል። በደጃችን የቆመችው የስልክ ምሰሶ ደግሞ ያን ዓመት ከሌሎቹ ሁሉ አብልጣ ትበላሽ ጀመር። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ።

ከደመራ በኋላ ታደሰ እኔን ሊጠይቅ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ልጁን ወዶታል፤ ጨዋ ነው፣ ደመወዝ አለው፣ ሲያናግሩት ቆብ ያወልቃል። ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ሆነ ተባለ። የቀረው የኦቦ ዲንቃ ቃል ብቻ ነበር።

ኦቦ ዲንቃ የአባቴ አጎት ናቸው። በአካባቢው እንደሳቸው በቅሎ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሌላ ሰው በቅሎ ስታስነጥስ ሰምተው ዕድሜዋን ይናገራሉ። በኛ ቤት ደግሞ ወግ አለ። ሙሽራው በሚመጣባት በቅሎ ላይ ከሙሽሪት ወገን አንድ ታላቅ ሰው ቀድሞ ይቀመጣል። የምትደነብር፣ የምትረግጥ ከሆነች ሠርጉ በቅሎ እስኪለወጥ ይቆያል። ልጃችንን እንስጥ እንጂ አንጣል ነው ነገሩ። አሁን ችግሩ ገባችሁ አይደል? ታደሰ በቅሎ የለውም።

«ያው ብረቷም በቅሎ ናት» አሉ ኦቦ ዲንቃ፣ ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው፣ አለንጋቸውን ይዘው።

«አባባ፣ አለንጋው ለምንድን ነው?» አላቸው ታደሰ በትሕትና።

«እምቢ ያለች እንደሆነስ?»

ከታደሰ ኋላ ተፈናጠጡና ሄዱ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ እያየ ነው። የእንጦጦን ዳገት ወጡ፣ ዞሩ፣ ቁልቁል መመለስ ጀመሩ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ጣሊያን እንደ አንጀት አጥፎ የሠራው ነው። አብዛኛው ኩርባ የተራራውን ትከሻ ስለሚዞር ሞተሩ ሲያዘነብል የሚያዘነብለው ወደ ተራራው ነበር፤ ኦቦ ዲንቃ እንዲህ ያለች የተማረች በቅሎ አላየሁም እያሉ መጡ። አንዲት ኩርባ ግን አለች፣ ምንጭ የሸረሸረውን ገደል አቅፋ የምትዞር። እዚያ ላይ ዶቅዶቄ ለመዞር ወደ ገደሉ ማዘንበል አለባት። ታደሰ አዘነበለ። ኦቦ ዲንቃ ገደሉን አዩ፤ የአጥንታቸው ምክር ተነሣ፤ ሙሉ ገላቸውን ወደ ተራራው ጣሉ፣ ያም እንዳይበቃ የታደሰን ኮት በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱት። ሞተሩ መዞሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ሄደና ከተራራው ሥር ካለው ቦይ ገባ።

የታደሰ ቅንድብ ተሰነጠቀ፣ የሞተሩ መብራት ረገፈ። የኦቦ ዲንቃ ክንድ ወለም አለ፣ በርኖሳቸውም ከላይ እስከ ታች ተቀደደ። ከቦዩ ተነሥተው መጀመሪያ የተናገሩት ቃል «አይዞህ ልጄ፣ አድኜሃለሁ» ነበር።

ከዚያማ ማን ይቻላቸው። ወጌሻው ክንዳቸውን ሲያሽ ነገሩት፣ ወጌሻው ለሚስቱ ነገረ፣ በሳምንቱ ገደሉ ሁለት እጥፍ ጠልቆ ነበር። ውሳኔውም ወጣ። ልጁ ጥሩ ነው፣ ብረቷ ግን ገደል ስታይ ገደል የምትወድ ናት፤ ብረቷን ይተውና ልጅቷን ይውሰድ። ብረቷን መተው ማለት እንጀራውን መተው ነው፣ ሽቦ ጠጋኝ በእግሩ ጫንጮ አይደርስም። አባቴ አዘነ፣ ግን ያጎቱን ቃል ሊያጥፍ አልቻለም። ታደሰም ቅንድቡን በጨርቅ አስሮ ዝም አለ።

ዝምታው አናደደኝ። ደጃችን መጥቶ ምሰሶዋ ላይ ሲወጣ ድርቆሽ የማገላብጥ መስዬ ሥሯ ቆምኩ።

«አንተ፣ እውነት ገደል ልትገባ ነበር?»

«አልነበረም» አለ ከላይ ሆኖ። «እሳቸው ናቸው የጎተቱኝ። ወደ ገደሉ ካላዘነበልኩ እዚያ ኩርባ ላይ አትዞርም።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ምን ልበል? ሽማግሌው ናቸው የጣሉኝ ልበል? ለዚህስ ገደሉ ይሻለኝ ነበር።»

እውነቱን ነው። ታላቅ ሰው አድኛለሁ ብሎ በመንደር ፊት ከተናገረ በኋላ አላዳኑም ማለት ነውር ነው። ደግሞም እኔ ብሆን እጎትተው ነበር፣ ያው አንድ ኮርቻ ነው ያሳደገን። ግን ለአንድ ኩርባ ብዬ የምሰጠው ባል አልነበረኝም።

«ኋላህ የተቀመጠ ሰው ምን ቢያደርግ ነው የማትወድቀው?» አልኩት።

«ምንም። የገብስ ጆንያ መሆን ነው። ጆንያ ወዳዘነበልኩበት ያዘነብላል።»

የዚያኑ ሰንበት ሽማግሎቹ አባቴ ዘንድ ተቀምጠው ሳለ ጠላውን ቀድቼ እንደ ልማዴ ጓዳ አልገባሁም። ቆምኩ። ሴት ልጅ በገዛ ጋብቻዋ ጉዳይ አትናገርም፣ ያውም በዚያ ዘመን። ማንቆርቆሪያውን ግን አላስቀመጥኩም።

«ኦቦ ዲንቃ፣ እርስዎ ልጁን ያዳኑበት ቦታ ላይ እኔ ከኋላው ተቀምጬ ልለፍ። ከወደቅን ሠርጉ ይቅር፣ ዳግመኛ አልተነፍስም። ብቻ እርስዎ ኩርባዋ ላይ ይቁሙልን። እርስዎ ካሉ ማን ገደል ይገባል?»

አባቴ «ጫልቱ!» ብሎ ሊቆጣ ተነሣ። ኦቦ ዲንቃ ደኅናውን እጃቸውን አነሡ።

«ተዋት። ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አልኩ። «ለዚህ ነው እርስዎን የለመንኩት።»

ጢማቸውን ዳሰሱ። ማን ሰው ነው እንዲህ ተለምኖ እምቢ የሚል?

ቀኑ ደረሰ። ኦቦ ዲንቃ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው፣ በርኖሳቸውን አሰፍተው፣ ከኩርባዋ ተራራ በኩል ከነአለንጋቸው ቆሙ። አባቴ አጠገባቸው፣ መንደሩ ከኋላቸው። እኔ ነጠላዬን በመቀነቴ አጥብቄ ዳገቱ ላይ ከታደሰ ኋላ ተቀመጥኩ። እጄ ኮቱ ላይ ነው፤ ይህም ራሱ ለመንደሩ ወሬ ዓመት ይበቃል።

ቁልቁል ወረድን። ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ያለ ችግር አለፍን፣ ተራራው በኛ ወገን ነበር። ከዚያ ያቺ መጣች። ከገደሉ ሥር የምንጩ ውኃ ሲያብረቀርቅ አየሁት። ታደሰ ወደሱ አዘነበለ፣ እኔም አብሬው ሄድኩ። ያቺን ቅጽበት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ገላዬ በሙሉ፣ ትከሻዬ፣ ወገቤ፣ የእግሬ ጣት ሳይቀር «ወደ ተራራው!» ይለኛል። አያቶቼ ሁሉ ኮርቻቸው ላይ ሆነው የሚጎትቱኝ ይመስለኛል። ጥርሴን ነክሼ በልቤ «ጆንያ ነኝ፣ የገብስ ጆንያ ነኝ» አልኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ከዳር ሴቶቹ እመቤቴን ሲጠሩ ሰማሁ፤ ዶቅዶቄዋ እንደ ደኅና በቅሎ ዞራ ቀጥ አለች።

ታደሰ አቆመ። ሰው ሁሉ ወደ ኦቦ ዲንቃ ነበር የሚያየው። እሳቸው አለንጋቸውን ወደ ገደሉ ዘርግተው ቆመዋል፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«አያችሁ?» አሉ። «ልትገባ ስትል አለንጋዬን አሳየኋት። ዛሬም እኔ ነኝ ያዳንኳቸው።»

ታደሰ አፉን ሊከፍት ሲል ኮቱን ሳብ አደረግሁት፣ ወደ ተራራው።

«እውነት ነው» አልኩ። «እግዜር ዕድሜ ይስጥልን፣ ኦቦ ዲንቃ።»

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በዳግም ትንሣኤ ተዳርን፣ ድንኳኑ ውስጥ ከፍ ያለው ወንበር የአዳኛችን ነበር። እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ኩርባ ባለፍን ቁጥር ዝም ብለን አላለፍንም፤ ባሉበት ቀን «እዚህ ጋ ነው» ይሉናል፣ በሌሉበት ቀን እኛው ለእኛው «እዚህ ጋ ነው» እንባባላለን።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላበቃም። ታደሰ ያን ቀን አይቶኝ፣ ሚስቴ ወዳዘነበልኩበት ዝም ብላ የምታዘነብል ናት ብሎ ነው በደስታ ያገባኝ። ጆንያ የሆንኩት ለዚያች ለአንዲት ኩርባ ብቻ እንደሆነ የገባው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ኮቱን ይዞ ወደ ተራራው የሚጎትተው ሰው አልነበረም።