አንቲ ታቫመኒና የግድግዳዬ መፍረስ

በዓለም ላይ ያለ ሰው ከሁለት ዓይነት አያልፍም። አንደኛው ደስ ሲለው ዝም ብሎ ደስ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደስ ያለውን ሰው ፈልጎ አጠገቡ ይቀመጥና «ይኼ እንኳ እንደምታስበው አይደለም» ይለዋል። ይህ ሁለተኛው በየሰፈሩ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ጥሩ ዝናብ ጣለ ስትሉት ስለ ትንኝ ይነግራችኋል። ማንጎው ጣፈጠኝ ስትሉት ስለ ስኳር በሽታ ያነሳል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ ስለሚለው ነው። ከደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ በእኛ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ይህን ከባድ የሕዝብ አገልግሎት ያለ ደመወዝ የያዙት ክብርት አንቲ ታቫመኒ ናቸው።

አንቲ ታቫመኒ (ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ በአክብሮት «አንቲ»፣ አክስት ነው የምንለው) ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው። ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ የተገላገለው ትምህርት ቤቱ ነው፤ እሳቸው ማስተማሩን ይዘውት ወደ ባሕሩ ዳርቻ መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በዋና ልብሳቸው ላይ የሟች ባላቸውን ሹራብ ደርበው፣ የጎማ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ጠዋት ጠዋት አሸዋው ላይ ጉብ ይላሉ። የአንዱን ሰው ደስታ ካፈረሱ በኋላ ሁልጊዜ የሚዘጉት በአንድ ቃል ነው፦ «ማወቅ አይጎዳም ብዬ ነው።» የሰፈሩ ሰው በሙሉ ተጎድቷል።

ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳሁት ግን እኔ ነኝ። ደረቴ ተከፍቶ ልቤ ከተጠገነ ወዲህ ሐኪሙ «ወይ ትዋኛለህ፣ ወይ ተመልሰህ እዚሁ አልጋ ላይ እንገናኛለን» ብሎኛል። ልሩጥ እንዳልል ጉልበቴ እምቢ አለ። የቀረኝ ባሕሩ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ ደግሞ ሻርክ አለ። እኔ በየሳምንቱ በአካባቢያችን ጋዜጣ ላይ ስለ ወኔና ስለ ሕዝብ አደራ የምጽፍ ሰው፣ ሻርክ የሚል ቃል ስሰማ ሁለቱንም እግሮቼን ከመሬት አነሳለሁ። የተቀመጥኩት ሳሎን ቢሆንም አነሳለሁ።

ታዲያ እንዴት ስትዋኝ ኖርክ ብትሉኝ፣ መረቡን ተማምኜ ነው። ከማዕበሉ ወዲያ ተንሳፋፊ ኳሶች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከሥራቸው የሻርክ መረብ አለ። በእኔ አእምሮ ያ መረብ ከአለት እስከ አለት፣ ከባሕሩ ወለል እስከ ውኃው ገጽ የተገተረ ግድግዳ ነበር። ሻርኮቹ ከወዲያ በኩል አፍንጫቸውን መረቡ ላይ ለጥፈው፣ ይህን የመሰለ ወፍራም ሰው ሲያመልጣቸው እያዩ የሚቆጩ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴማ እጄን አውለበልብላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ከውኃው ስወጣ ይህን ደስታዬን ለአንቲ ታቫመኒ የመንገር ስሕተት ሠራሁ።

«ይኼ መረብ ባይኖር እኮ አንቲ፣ የእግር ጣቴን አላስነካም ነበር።»

«ፕሬጋ ልጄ፣ አጥር መስሎህ ነው እንዴ?»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ወጥመድ ነዋ! አንዱ መረብ ቢበዛ ሁለት የኳስ ሜዳ ቢያህል ነው። ወሽመጡን መች ይዘጋዋል? በጎኑ መንገድ አለ፣ ወለሉን ስለማይነካ በሥሩም መንገድ አለ። ሻርኩ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል። ከሚያዘውም ስንቱ ሲወጣ ነው የሚያዘው መሰለህ!»

«ሲወጣ? ከየት ሲወጣ?»

«ከአንተ ዘንድ ነዋ!» ቆባቸውን አውልቀው ጨመቁት። «ማወቅ አይጎዳም ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ባሕሩን በመስኮት ብቻ ማየት ጀመርኩ። ባለቤቴ ሩክሚኒ የገላ መታጠቢያውን ገንዳ እንኳ ቀድሜ ዞሬ እንደማየው ለእህቶቿ ሁሉ አወራች። በመጨረሻ አንቲ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው አጽናኑኝ፤ እሳቸው ማጽናናት በሚሉት መንገድ ማለቴ ነው። «መረቡ አይሠራም መች አልኩህ? ይሠራል። ከተጣለ ወዲህ እዚህ የተነከሰ ሰው አልሰማሁም። ግን የሚሠራው ስለሚከለክል አይደለም፤ ስለሚገድል ነው። ሻርኩን ያመናምነዋል። ከሻርኩ ጋር ደግሞ ኤሊውንም፣ ዶልፊኑንም፣ ማንንም ያልነካውን ሁሉ።» እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ይሠራል» የምትለዋን ብቻ ወስጄ ሌላውን ትቼ በማግስቱ ወደ ውኃው ተመለስኩ። የጋዜጣ ሰው ስለሆንኩ አልከበደኝም።

ፍርሃቴ ግን ሥርዓት ያለው እንዳይመስላችሁ። በብርዱ ወራት ሰርዲን በመንጋ ወደ ዳርቻችን ሲጠጋ መረቡ ይነሣል፤ ሰርዲኑን ተከትሎ የሚመጣው ፍጥረት ሁሉ ገብቶ እንዳያልቅበት ነው። ከተከታዮቹ አንዱ ሻርክ ስለሆነ መዋኘት ይከለከላል፣ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል። እንግዲህ ሻርክ ያለበት፣ መረብ የሌለበት ቀን መሆኑ ነው። በዚያ ቀን እኔ የት ነበርኩ? ወገቤ ድረስ ውኃ ውስጥ፣ በሩክሚኒ የልብስ ባልዲ ሰርዲን እየዛቅሁ። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ባለሱቁም፣ ቄሱም፣ የዋናተኞች ጠባቂው እናትም ነበሩ። የከተማችን ሕዝብ ሕጉን አንድ ላይ ተርጉሞታል፦ የተከለከለው መዋኘት ነው፤ ባልዲ ይዞ መቆም አልተከለከለም።

«ፕሬጋ!» ብለው አንቲ ከአሸዋው ጮኹ። «ከሰርዲኑ ኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አንቲ! ይቺን ይቀበሉኝና ባዶውን ያቀብሉኝ!»

ተቀበሉኝ። በዚያው ቀን ቤታችን ገብተው በበርበሬና በእርድ ከተጠበሰው ሰርዲን ሳህናቸውን ደጋግመው እያስሞሉ፣ የዓሣ አጥንት ጉሮሮ ውስጥ ሲሰነቀር ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር ነገሩን።

በጀልባ እየወጡ መረቡን የሚፈትሹት ልጆች አለቃ ዱሚሳኒ ይባላል። ጀልባው አሸዋው ላይ ሽቅብ ሲወጣ አንቲ ታቫመኒ ሁልጊዜ ቀድመው ይደርሳሉ፤ እሱም እንደ ገዛ አያቱ «ጎጎ» እያለ ነው የሚጠራቸው። አንድ ጠዋት እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ጀልባው ወለል ላይ እርጥብ ጆንያ የለበሰች አንዲት ትንሽ ዶልፊን ተኝታለች።

«ሻርክ የለም ጎጎ» አለ ዱሚሳኒ ኮፍያውን አውልቆ። «አንድ ኤሊ በሕይወት አግኝተን ለቀቅን። ይቺን ግን አልደረስንላትም። እናቷ እስከ ማዕበሉ ድረስ ተከተለችን።»

አንቲ ጆንያውን ገለጥ አድርገው ግንባሯን ነኩ። «እንደኛው አየር ነው የምትተነፍሰው» አሉኝ። «መረቡ ሲይዛት ወደ ላይ መውጣት ያቅታታል። ታፍና ነው የምትሞተው።» እንባቸው እየወረደ ማስረዳቱን አላቋረጡም። እኔም አለቀስኩ። እዚያ ቆሜ በጣም አፈርኩ፤ ያቺ ግልገል የሞተችው እኔ ጠዋት ጠዋት ሳልፈራ እንድንቦጫረቅ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ነዋሪው በአዳራሽ ተጠራ። ጥያቄው መረቡ ይቆይ ወይስ ይውጣና በምትኩ ከተንሳፋፊ ኳስ ላይ የሚንጠለጠል፣ ምግብ ያለበት ትልቅ መንጠቆ ይተካ የሚል ነበር። መንጠቆው ሻርክ ይይዛል፤ ኤሊና ዶልፊን የሚይዘው ግን እጅግ ጥቂት ነው አሉ። አዳራሹ ሞላ፤ ግማሹ ለባሕሩ፣ ግማሹ ለሳምቡሳው የመጣ ነው። እኔ ዶልፊኗን ካየሁ በኋላ እንኳ መረቡ ይቆይ የሚል ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ማዘኔ አንድ ነገር ነው፤ ቆዳዬ ሌላ ነገር ነው።

ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ይህ መረብ በልጆቻችንና በጥርስ መካከል የቆመ ግድግዳ...»

«ግድግዳ አይደለም!» አለ ከኋላ የማውቀው ድምፅ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዞር ስል አንቲን አየኋቸው፤ እሳቸው አልሳቁም። ወረቀቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ መረቡ ይውጣ የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። ሩክሚኒ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«እጅህ ተነሥቷል እኮ።»

ቀና ብዬ አየሁት። እውነትም የእኔ ነው።

መረቡ ወጣ። እኔ ደግሞ ሶፋው ላይ ቀረሁ። ጉንፋን ያዘኝ አልኩ፣ ጀርባዬን አልኩ፣ ውኃው ቀዘቀዘ አልኩ። ሩክሚኒ የመጨረሻውን ምክንያት እስክጨርስ ጠበቀችና «ድምፅ ሰጥተህ አስወጥተኸው ስታበቃ፣ ቁጭ ብለህ ልትሞትብኝ ነው?» ብላ ፎጣውን ወረወረችልኝ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ እያጠረኝ እንደሆነ ታያለች፤ ድምጿ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ጠዋት አሸዋው ላይ ቆምኩ። ሰማዩም ውኃውም የጠራ ነው፤ ሰዎች እየዋኙ ነው። የዋናተኞች ጠባቂው ሳይቀር እያዛጋ ነው። እኔ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገብቼ እግሬ አልሄድም ብሎኛል። አንቲ ታቫመኒ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አሁን መንጠቆው ከመረቡም ያነሰ እንደሚከልል፣ ሻርክ የሌለበት ባሕር እንደሌለ፣ ስንት ዝርያ ወደ እኛ ወሽመጥ እንደሚመጣ ሊያስረዱኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«አንቲ» አልኳቸው፣ «እውነቱን ይንገሩኝ። ዛሬ እዚህ ውስጥ ሻርክ አለ?»

ባሕሩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፤ ደረቴ ላይ ያለውን ጠባሳ።

«የለም» አሉ።

«አንድም?»

«አንድም የለም።»

ዓይኖቻቸው ከእኔ ሸሹ። በዚህ ዕድሜያቸው መዋሸት አያውቁበትም፤ ጆሮዎቻቸው ሳይቀሩ ቀሉ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ አመንኳቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ያዝኩት፣ ገባን። ውኃው ወገባችን ሲደርስ አፋቸው ተከፈተ። ጥናቱ፣ ወቅቱ፣ የዝርያው ስም ሁሉ ምላሳቸው ላይ ተሰልፎ ሲገፋፋ ታየኝ።

«ምነው አንቲ?»

ዋጥ አደረጉት። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ምንም» አሉ። «ውኃው ደስ ይላል።»