አምስት ጆንያ አሸዋና የሙሽራዋ ሸማ

ዛሬ የደረሰብኝን ጠላቴ ቢያወራብኝ፣ ውሸታም ብዬ ሽማግሌ ፊት አቆመው ነበር!

ግን እውነት ነው። ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ሌላ ሰው ጨምሮበት ሳያወራው እኔው ልናገር።

የምጽፍላችሁ ሽርጥ ለብሼ ነው። ሽርጡ የኔ አይደለም። እደርስበታለሁ።

ለማታውቁኝ፣ አንጁሎ እባላለሁ፤ ሸማኔ ነኝ። ቤቴ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እዚያው ነኝ። ወንዙን እንደ ልጄ አውቀዋለሁ እል ነበር።

በልግ ሊገባ ሲል ሬዲዮኑ ጀመረ። "የዘንድሮ የበልግ ዝናብ ከመደበኛው በላይ ሊሆን ስለሚችል ወንዝ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ።" የሰፈር ስብሰባ ተጠራ። እኔም እጄን አወጣሁ።

"ዝናብም እንደ ተማሪ መደበኛና የማታ አለው እንዴ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያጠፋኝ!

ሳቁ ሞቅ ሲለኝ ጨመርኩበት። "የኔ ትንበያ እንጦጦ ነው። እንጦጦ ራሱ ላይ ጉም ካልጠመጠመ ይሄ ወንዝ አይሞላም። አለቀ!"

ያም ሆኖ ለየቤቱ አምስት አምስት ጆንያ አሸዋ ታደለን። በር ላይ ደርድሩ ተባለ።

ፊት ለፊቴ ያለው ባለሱቅ ኑረዲን ደረደረ። ሱቁ ከኔ ቤት አምስት ደረጃ ከፍ ይላል፤ እሱም ደረደረ!

"ኑረዲን፣ ጦርነት አለ እንዴ? ምሽግ ሰራህ?" እለዋለሁ በየቀኑ።

"ይሳቁ ጋሼ አንጁሎ። ብቻ የርስዎ ጆንያ የት ነው?"

እሱን አልነግረውም ነበር። ለናንተ ግን ልንገራችሁ።

ሸማ ስትሰራ በቁመት የሚሄደው ክር፣ ድሩ፣ ከፊትህ እስከ ማዶው ግድግዳ ይወጠርና ጫፉ ችካል ላይ ይታሰራል። የኔ ችካል ተነቅሎ ነበር። አምስት ጆንያ አሸዋ ደግሞ ከችካል በምን ያንሳል? ግድግዳው ስር፣ ውኃ መውጫዋ ቀዳዳ ላይ ከመርኳቸውና ድሩን አሰርኩባቸው። እንደ ክራር ተወጠረ!

ኮራሁ፣ ምን ልዋሽ።

ድሩ ደግሞ ተራ ድር አይደለም። የጎረቤቴ የአስናቀች ልጅ ልታገባ ነው፤ የሰርግ ቀሚሷ የሚወጣው ከዚሁ ነው፤ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ክሩን እናትየዋ ራሷ በእንዝርት ፈትላ ነው ያመጣችው። ሱቅ ሄደህ አትገዛውም። ከተበላሸ ተበላሸ።

ዛሬ ጠዋት ወጥቼ እንጦጦን አየሁት። ጥርት ብሏል! ገባሁና እግሬን ጉድጓዴ ውስጥ ከተትኩ። ሸማኔ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ነው የሚሰራው፤ መርገጫው እዚያ ነው።

ስህተቴ አንዲት ናት። እንጦጦን ያየሁት ጠዋት ነው። ከሰዓት አላየሁትም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ ቀና አላልኩም፤ ጥለቱን ልጀምር ነበር። ከዚያ እግሬ ቀዝቀዝ አለ።

ወገኖቼ፣ ደስ አለኝ! ከሰዓት በኋላ እግሬን ያቃጥለኛል። ተመስገን አልኩ።

አፌን ሳልዘጋ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።

ኑረዲን ከማዶ ይጮኻል። "ጋሼ አንጁሎ! ወንዙ ወጣ! ጆንያውን በሩ ላይ!"

"አይቻልም!"

"ለምን?"

"ስራ ላይ ነው!"

እስቲ ይሄ መልስ ነው?

ግን አስቡት። ጆንያውን ካነሳሁ ድሩ ላልቶ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል። ካላነሳሁ ውኃው ይገባል። የገባው ደግሞ አይወጣም፤ መውጫዋን ደፍኛታለሁ። ውኃ እንዳይገባ የሰጡኝ አሸዋ፣ ውኃ እንዳይወጣ ከለከለ!

ኑረዲን ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ጆንያዎቹን አየ። ድሩን አየ። እኔን አየኝ።

"ሱብሃነላህ!" አለ። ከስድብ ትብሳለች።

ወዲያው የድሩን ጫፍ ፈታና ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ራሱ ጆንያ ሆነ። እኔ ስጠቀልል እሱ አንድ አንድ እርምጃ ወደኔ ይመጣል።

"ቀስ! አታላላው!"

"ጋሼ፣ ውኃው ጉልበቴ ደርሷል!"

"ይድረስ! ክሩን ከፍ አድርገው!"

ሰምጬም የማዝዘው እኔ ነኝ!

ጥቅሉን ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ወጣ። እኔ ቀረሁ። እግሬ በመርገጫው ገመድ ተተብትቦ ከጉድጓዱ አልወጣ አለ! ተመልሶ ገመዱን ቆረጠና አዘለኝ።

አዘለኝ! በዚህ ዕድሜዬ! ስብሰባ ላይ የሳቁልኝ ሰዎች በሙሉ ደጃፍ ቆመው ያያሉ። አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሱቁ ውስጥ የራሱን ሽርጥ አልብሶ የፓስታ ካርቶን ላይ አስቀመጠኝ። አስናቀች እየሮጠች መጣች። እኔን ዞር ብላም ሳታይ ጥቅሉን ፈታች። የድሩ ጫፍ ስንዝር ያህል ጭቃ ጠጥቷል።

በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። አልለቀቀም።

"ሁለት ክረምት ነው የፈተልኩት፣ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ።

ብትቆጣ መልስ ነበረኝ። ለቁጣ መልስ አጥቼ አላውቅም። ይሄ ግን ቁጣ አልነበረም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ።

ስኳር የሚመዝነው ኑረዲን እጁ ቀጥ አለ። "እስቲ ይድገሙት ጋሼ፣ አልሰማሁም!"

ሰምቷል! ደገምኩት። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ትመርራለች።

ከዚያ ወገቤን አቀናሁ። "አስናቀች፣ ስሚኝ። ስንዝሯን ቆርጬ እጥላታለሁ። በአግድም የሚገባው ክር ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ውኃ አልነካውም። ቀሚሱ በስንዝር ቢያጥር ልጅሽም ረጅም አይደለችም። ለሰርጉ ባላደርስ አንጁሎ አትበሉኝ!"

ሳትፈልግ ከንፈሯ ፈታ አለ። "የት ሆነው ሊሰሩት? ቤትዎ ኩሬ ሆኗል።"

"እዚሁ ነዋ" አለ ኑረዲን። "ብቻ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ጉድጓድ ልቆፍር ቢሉኝ አልሰማም!"

ዝቅ ማለት ካልተቻለ ከፍ ማለት ነው! የለስላሳ ሳጥን ግራና ቀኝ ደረደርንና ላዩ ላይ ወጣሁ፤ እግሬ መሃሉ ላይ ተንጠለጠለ። ሞከርኩት። ይሰራል! ነገ በጠዋት የሽመና ዕቃዬን ከውኃው አውጥቼ ድሩን እወጥራለሁ።

ወንዝ ዳር ያላችሁ፣ በልጉ ገና አላለቀም። ዕቃችሁን ከመሬት አንሱ፣ የውኃ መውጫችሁን ክፈቱ። ግትርነቴን ተውኩ አልላችሁም፤ ውሸት ይሆናል። ግን ሰው ግትር መሆኑ ካልቀረ አስቀድሞ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልግ።

እኔ ይኸው አራት ሳጥን ከፍታ ላይ ነኝ። አሁን ማን ሊያወርደኝ ነው?