እመቤት ግማሽ ኪሎ

"ትንሽ ብቻ" የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ እሱ ገና ሰው አልገጠመውም። ልብስ ሰፊው ዘንድ አምስት ጊዜ ተመላልሶ "ወገቡ ላይ ትንሽ ብቻ" ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን ካራገፈ በኋላ "ከጆሮዬ በላይ ትንሽ ብቻ" ይላል። ቁም ሳጥን ለማንቀሳቀስ አራት ሰው ይጠራና፣ አራቱን ላብ ሲያጠምቃቸው እሱ በር ላይ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ወደ ግድግዳው ትንሽ ብቻ" ይላል። የእንዲህ ዓይነት ሰው ትንሽ አልቆ አያውቅም።

ለእኔ የደረሱኝ እመቤት ግን የሁሉም የበላይ ናቸው።

እኔ የቴኒስ ራኬት ክር ወጣሪ ነኝ። ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ስናገር "እሱም ሥራ ነው?" ይለኛል። ነው። ትልቅ ውድድር ሲኖር ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር፣ መስኮት የሌለው ክፍል ይሰጡናል፤ ስድስት ማሽን፣ ስድስት ሰው። ላይ ሲጨበጨብ ጣሪያችን ይንቀጠቀጣል፤ ለማን እንደተጨበጨበ ግን የምንሰማው ዘግይተን ነው። ራኬቱን ማሽኑ ላይ እናስራለን፣ አሮጌውን ክር ቆርጠን እንጥላለን፣ አሥራ ስድስቱን ቁም ክር አንድ በአንድ እንወጥራለን። ከዚያ አሥራ ዘጠኙን አግድም ክር አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያልን በመሀላቸው እናሳልፋለን። ቁሙን ድር፣ አግድሙን ማግ እንለዋለን። ጥብቀቱ የሚለካው በኪሎ ነው። ተጫዋቹ ሃያ ሦስት ካለ፣ ሃያ ሦስት ነው። እመቤት ግማሽ ኪሎ እስኪመጡ ድረስ ቢያንስ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

እመቤት ግማሽ ኪሎ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው። ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጥፍር አድርገው ያስራሉ፤ ቀኝ ጉልበታቸው ላይ ሁለት የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ። አንቱ የምላቸው በዕድሜ በልጠውኝ አይደለም፤ ልጄ ለመሆን ምንም አልቀራቸውም፤ ፊት ለፊትም አንቺ ነው የምላቸው። የሚያደርጉት ነገር ግን ያለ አንቱታ አይወራም።

ራኬቱን ወደ ኮሪደሩ በምትከፈተው ትንሽ የመቀበያ መስኮት ስሰጣቸው አመስግነው አይሄዱም። ክሩን በመዳፋቸው ሥር ሁለቴ መታ መታ ያደርጉትና፣ የጎረቤት ጠብ እንደምታዳምጥ ሴት ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ከዚያ ያቺ ቃል ትመጣለች፦

"እትዬ፣ ግማሽ ኪሎ ብቻ ይቀንሱልኝ።"

ሽንኩርት ቢሆን ምን ገዶኝ! የክር ግማሽ ኪሎ ግን ቀበቶን በአንድ ቀዳዳ እንደ ማላላት አይደለም። የተወጠረውን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ ከመጀመሪያው ድር መነሳት ነው። በእኔ እጅ አርባ ደቂቃ።

ደመና ሲመጣ ኳሱ ይከብዳል፤ ይቀነስላቸዋል። ፀሐይ ስትወጣ ኳሱ ይፈጥናል፤ ይጨመርላቸዋል። ደመናና ፀሐይ ሲፈራረቁ በዋሉበት ቀን ስምንት ራኬት ሠርቼላቸዋለሁ፤ ያላቸው ራኬት አራት ነበር። አንድ ጊዜ ከሻወር እንደወጡ፣ ውሃው ከፀጉራቸው እየተንጠባጠበ፣ "እትዬ፣ እየታጠብኩ ሳስበው ትንሽ ጠብቋል" ብለው መጥተዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ግማሹን ካስቀነሱኝ በኋላ "የግማሹን ግማሽ ይመልሱልኝ" አሉኝ። እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ክፍልፋይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ለሌላ ወጣሪ አሳልፌ እንድሰጣቸው የሥራችን ወግ አይፈቅድም። አንድ ተጫዋች ውድድሩን በጀመረበት እጅ ነው የሚጨርሰው፤ ማሽኑ አንድ ቢሆንም ሁለት ሰው እኩል አይወጥርምና። እንዲህ ሆነን ዘጠኝ ዓመት።

በሦስተኛው ዓመት ግን ምርር አለኝና ለጋሽ ወስፌ ነገርኩት። ጋሽ ወስፌ ከጎኔ ባለው ማሽን የሚሠራ ሽማግሌ ነው፤ የራኬት ቀዳዳ የምናሰፋበትን ወስፌ ከጆሮው ላይ አውርዶ ስለማያውቅ ስሙ እዚያው ቀረ።

"አንቺ ሴት፣ ራስሽን አትግደይ" አለኝ። "ራኬቱን ከመደርደሪያው ኋላ አስቀምጪ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ አርባ ደቂቃ ሲሞላ መልሰሽ ስጪያት።"

"ብታውቅስ?"

"ማን ዐውቆ! ሠላሳ ዓመት አደረግኩት። ከአሥሩ ዘጠኙ 'አሁን ገና ነፍስ ዘራ' ብለው መርቀውኝ ነው የሚሄዱት።"

አስቀመጥኩት። ሻዬን ጠጣሁ። ሰጠኋቸው። አሥረኛዋ እሳቸው ነበሩ። ሁለቴ መታ አደረጉት፣ አዳመጡ፣ ቀና ብለውም አዩኝ።

"እትዬ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ደክሞዎት ነው?"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"አዎ" አልኩ።

"እንግዲያው ይረፉ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።"

ጋሽ ወስፌ ወስፌውን ከጆሮው አውርዶ አገላብጦ ሲያየው ዋለ፤ ጥፋቱ የወስፌው ይመስል። እኔም ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ዘንድሮ አዲስ አለቃ መጣብን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰሌዳ የሚወድ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ሰቅሎ ስማችንን ደረደረና ሕጉን ነገረን፦ ተሠርቶ ለሄደ ራኬት አረንጓዴ ምልክት፣ ለተመለሰ ራኬት ቀይ። ከውድድሩ በኋላ ከስድስታችን የሚቀሩት አራት ናቸው። ወጣቶቹ አንዱን ራኬት በሃያ ሁለት ደቂቃ ያወጣሉ። እኔ ፍጥነት አልነበረኝም፤ የነበረኝ ስህተት አለመሥራት ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀን በስሜ አጠገብ ሰባት ቀይ ተደርድሮ አየሁ። የሰባቱም ባለቤት አንድ ሰው ናቸው።

"እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ቀይ ምንድን ነው?" አለኝ አለቃ።

"ስህተት አይደለም። የልጅቷ ምርጫ ነው።"

"ሰሌዳው ላይ ምርጫ የሚባል ቀለም የለም" አለ። ውሸት አልተናገረም፤ የለም።

"ንገሪያት እንጂ!" አለኝ ጋሽ ወስፌ። "በግማሽ ኪሎ ከሥራ ልታስወጣሽ ነው እኮ!"

መናገር አልወድም። ግን በስድስተኛው ቀን፣ የማግስቱን ሁለት ራኬት ሊያስይዙ ሲመጡ፣ በመስኮቷ በኩል ነገርኳቸው። "ስሚኝ ልጄ። አንቺ በመለስሽ ቁጥር በእኔ ስም ቀይ ይጻፋል። ሁለት ሰው ይቀነሳል፤ አንዷ እኔ ሳልሆን አልቀርም።"

"ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?" አሉ።

"አሁን ነገርኩሽ።"

ማግስቱ ሩብ ፍጻሜ ነበር። ያንን ጨዋታ ካሸነፉ በሚቀጥለው ዓመት ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ በቀጥታ ይገባሉ። ከተሸነፉ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ጋር በማጣሪያ መጋፋት ነው፤ ያ ጉልበት ማጣሪያ እንደማይችል ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ታውቃለች። ራኬቶቹን የወጠርኩት በዋዜማው፣ በሞቃት ከሰዓት ነበር። ሲነጋ ሰማዩ ጠቁሮ፣ አየሩ ቀዝቅዞ ነበር።

መጡ። ሰጠኋቸው። ሁለቴ መታ። ጆሮ ዘንበል። ፊታቸው ሎሚ የነከሰ ሰው ፊት ሆነ። ቀዩን እየጠበቅኩ ክር መቁረጫዬን አነሳሁ።

"ልክ ነው" አሉ።

"ምን አልሽ?"

"ልክ ነው እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ።" ራኬቶቹን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

በክፍሉ ውስጥ ስድስቱም ማሽን ቆመ። ጋሽ ወስፌ "ተገላገልሽ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታው። አለቃ ራሱ ተነስቶ በስሜ አጠገብ ሁለት አረንጓዴ አደረገልኝ። አልዋሽም፣ እስከ አሥር ለሚቆጠር ጊዜ ደስ አለኝ።

ግን ልክ አልነበረም። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት እኔም በመዳፌ ሥር ሁለቴ መታ አድርጌው ነበር። መቼ እንደለመደብኝ አላውቅም። ለዚያ ብርድ ግማሽ ኪሎ ይበዛዋል።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር። ተነስቼ ሮጥኩ። በዚያ በረጅሙ ኮሪደር፣ ሽርጤን ሳልፈታ፣ የልብስ መቀየሪያው በር ላይ ደረስኩባት።

"አንቺ ልጅ! ቁሚ! አምጪው!"

"ልክ ነው አልኩዎት እኮ።"

"ዋሽተሻል። እሱንም አታውቂበትም።"

"እትዬ፣ ቀይ ይጽፉብዎታል። ሥራዎት ነው።"

"ያንቺስ ጉልበት? አምጪ ብያለሁ!"

ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። ሁለት ራኬት በእኔ እጅ ሰማንያ ደቂቃ ነው። ወደ መስኮቷ አልመለስኳትም፤ ይዣት ገባሁ። ባዶ ሳጥን ገልብጣ ከማሽኔ አጠገብ ተቀመጠች። ለካ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሲወጠር አይታ አታውቅም። ክሩን ስቆርጥ ዓይኗን ጨፈነች። ማጉን በድሩ መሀል ሳሳልፍ፣ ክሩ የጣቴን ጫፍ ሲበላው ታያለች፣ ትቆጥራለች። ሁለተኛው ራኬት ላይ ስንደርስ እንዲህ አለችኝ፦

"በየጊዜው ይህን ሁሉ ነው የማሠራዎት?"

"ይህን ሁሉ ነው።"

"አንድ ቀን እንኳ ሰድበውኝ አያውቁም።"

"ከሄድሽ በኋላ ነው የምሰድብሽ።"

"እኔ ምስክር ነኝ" አለ ጋሽ ወስፌ ከጎን፣ ቀና ሳይል። "አንድ ቀን አልፏት አያውቅም።"

ሳቀች። ከዚያ ሁለቱን ራኬት ተቀብላ መታ አደረገች፣ አዳመጠች፤ ግንባሬን ስማኝ ሮጠች። እኔም ወደ ሰሌዳው ሄጄ ሁለቱን አረንጓዴ አጥፍቼ ሁለት ቀይ ጻፍኩ።

"ማን መለሰው?" አለ አለቃ።

"እኔ።"

"በራስዎ ላይ?"

"ልክ አልነበረም።"

ብዕሩን ከእጄ ወስዶ ክዳኑን ገጠመ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጣሪያችን ሲንቀጠቀጥ ቆየና ጸጥ አለ። በጨዋታው ሦስተኛና መጨረሻ ክፍል ተሸንፋለች።

በእኛ ዓለም የተሸነፈ ሰው የሚከሰው ክሩን ነው። ለዚሁ ሲባል መስኮቷ ላይ የቅሬታ መዝገብ አለ፤ "ክሩ ላላ"፣ "ክሩ ጠበቀ"፣ "ክሩ ከዳኝ" እያለ አርባ ገጽ ደርሷል። ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ፣ እያነከሰች፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣችና መዝገቡን ጠየቀች። አለቃ ማስረጃ እንዳገኘ ሰው ፈጥኖ አቀበላት። ቆማ አንድ መስመር ጻፈች፣ ፈረመችበት፣ ሄደች።

አለቃ አንዴ አነበበው። ደገመው። ወደ እኔ አዞረው፦

"ክሩ ልክ ነበር። ልክ ያልነበርኩት እኔ ነኝ።"

"ይሄ ቅሬታ አይደለም" አለ።

"አይደለም።"

"መዝገቡን ያበላሽብኛል።" ማስመሪያ አስደግፎ ገጹን በጥንቃቄ ቀደደው። የት እንደሚጥለው ዙሪያውን ሲያይ እጄን ዘረጋሁ፤ ሰጠኝ።

የአራቱ ሰዎች ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜ አልነበረበትም። አላዘንኩም ብል ዋሾ ነኝ። ሰሌዳው ግን ያየውን ነው የቆጠረው። ልጅቷም ማጣሪያውን አልሞከረችውም፤ መጫወት አቁማለች። እኔ አሁን በአንድ ክለብ ለጡረተኞችና ለጀማሪዎች እወጥራለሁ። ራኬቱን ስሰጣቸው "እንዴት ነው?" እላለሁ። "ልክ ነው" ይሉኛል፣ ሳይነኩት፣ ስልካቸውን እያዩ። ወንፊት ባቀብላቸውም ልክ ነው የሚሉኝ ይመስለኛል። ቀኑ በጊዜ ያልቃል፣ ጣቴም ድኗል፣ ክፍሉም መስኮት አለው። እንዲህ ደልቶኝ ቁጭ ብዬ "ይህቺ ልጅ ምን ነካት፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አትልም?" እያልኩ ጋሽ ወስፌን በስልክ አደርቀዋለሁ።

ገጹን መስታወት ባለው ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። በየጊዜው ጠርዙን ይዤ ሳቃናው ባለቤቴ ከሶፋው ሳይነሳ "ቀጥ ብሏል፣ ተይው በቃ" ይለኛል።

ቀጥ አላለም።