ከግንድ አጥንት የሚያወጣው አጎቴ

የሰውን ሥራ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። አለ የሚል ካለ አድራሻውን ይስጠኝ፤ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ። ለእኛ ቤት የደረሰን አጎቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሊቀ ሊቃውንት ዘአጥንት! "ነገሩ ቀላል ነው" ሳይል አፉን አይከፍትም።

አንድ ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝና ነገርኩት። ፔፕታይድ ከሚባሉት ትንንሽ ፕሮቲኖች ጀርም የሚገድል አንድ አለ። እሱን ግንድ ህዋስ ላይ፣ ማለትም ምን እንደሚሆን ገና ያልወሰነ ህዋስ ላይ እንጨምራለን፤ አጥንት ወደ መሆን እንዲያዘነብል። እስካሁን ያዘነበለው የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው።

"ነገሩ ቀላል ነው" አለ። በማግስቱ ፀጉር ቤት ገብቶ "የእህቴ ልጅ ከግንድ አጥንት ታወጣለች" ብሎ አወጀ። ፀጉር አስተካካዩ "የምን ግንድ?" ቢለው፣ ክቡርነታቸው ሳያቅማሙ "እርጥቡ ነዋ! ደረቁማ ምን ይሠራል?" ሰፈሩ አመነ። አናጢው ጎረቤታችን በሬን አንኳኩቶ "ይሄ ይሆንሻል?" ብሎ ጉማጅ እንጨት አስታቀፈኝ። ኧረ የት አባቴ ልግባ!

የአጎቴ እግር ነገር ባይኖር እስቅ ነበር። ከመሰላል ወድቆ ቅልጥሙ ተሰብሮ፣ በብረት ታስሮለት፣ ቁስሉ አመርቅዞ አጥንቱ አልገጥም ብሏል። ሐኪሙ "ብረቱ ይውጣ፣ የተበላሸው ይጠረግ፤ ከዘገየ እግሩን እናጣዋለን" ብሎታል። አጎቴ ግን ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር "የልጄን መድኃኒት እየጠበቅኩ ነው" ይላል። እናቴ ደግሞ እኔ ላይ ታፈጣለች፤ መድኃኒቱን ቦርሳዬ ውስጥ የደበቅኩት ይመስል።

በመጨረሻ ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ መድኃኒት የለም! ሳህን ላይ ያለ ነገር ነው። ለሰው ይድረስ አይድረስ እኔም አላውቅም። እግርህን ልታጣው ነው እኮ!"

በሩ መዘጋቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እሱንማ አውቃለሁ። ሞኝ መሰልኩሽ እንዴ? ፈርቼ ነው። ማደንዘዣውን ወስጄ በዚያው ብቀርስ? ፈራሁ ከምል ልጄን እየጠበቅኩ ነው ብል ይሻላል። እሱ ያኮራል።"

አናደደኝ። አንጀቴንም በላኝ።

እኔ አብሬህ እሄዳለሁ ብዬ አሳመንኩትና ሐሙስ ዕለት እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ አብሬው ሄድኩ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ሐኪሙን ስለ አጥንት ያስተምረዋል፤ ሐኪሙም "እሺ አባባ" ይላል። እጄን ግን ጭምቅ አድርጎ ይዞት ስለነበር ነርሷ ናት ያላቀቀችን። በሩ ሲዘጋ ኮሪደሩ ጭር አለ። ማንም የማያስተምረኝ ጊዜ ስመኝ ኖሬ፣ ሲመጣ አልቻልኩትም።

"እግሬስ?" አለ ገና ሲነቃ።

"አለ፣ ጋሼ።"

ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ ነርሷን ጠራና ግሉኮስ እንዴት እንደሚሰቀል ያስረዳት ጀመር። ተመስገን አልኩ።