ሚስት ያስከለከለኝ የማላውቀው ወታደር

ወገን፣ ይቺን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ቆሜ አነባለሁ የሚል ግድግዳ ይደገፍ!

ዛሬ ሽማግሌ ልኬ ነበር። የኔዋን ምህረት ከአባቷ ለመጠየቅ። አራት ዓመት የጠበቅናት ቀን!

ጉድ ሆኛለሁ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ሶዶ ሲቪክስ አስተምራለሁ፤ እዚህ ፔጅ ላይ ደግሞ በሩሲያና በዩክሬን ጦርነት ሰው አፋጃለሁ። "ቀኝ አክራሪው የሚበዛው በማን ወገን ነው?" የሚለው ክርክር ከተነሳ ማንም አይችለኝም። ጦር ሜዳውን ካርታ ላይ ለማግኘት ዙም ማድረግ እንዳለብኝ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ባላንጣዬንም ታስታውሱታላችሁ። "የዳሞት ንስር" የሚባለው፣ ፕሮፋይሉ ላይ አሞራ የለጠፈው! እኔ "የሩሲያ ጦር በፋሺስት ተሞልቷል" ስል፣ እሱ "ናዚዎቹ ያሉት ዩክሬን ነው" ይላል። ስድስት ወር ተሰዳድበናል። ባለፈው ሳምንት "አንተ ፊደል ያልቆጠርክ የፋሺስት ቡችላ" ብዬው ላይክ ጎርፎልኛል።

ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ እጃችሁ አለበት!

እሺ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች በዴሳ ከተማ፣ እነ ምህረት ቤት ገቡ። መሪያቸው የአባቴ አጎት ጋሽ ጦና ናቸው፤ ገበሬ ናቸው፣ በከብት ገበያው ጠብ ሲነሳም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። እኔ እንደ ወጉ አልገባሁም። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እበላለሁ።

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ጦና ናቸው።

"ና። ስልክህን ይዘህ ና።"

ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ሰምቼ አላውቅም! በሞተር በረርኩ።

ስገባ ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከዳታ በርበሬ ጋር ቀርቧል፤ ማንም አልነካውም። እሺታ ሳይገኝ አይበላማ! የምህረት አባት ጋሽ ማርቆስ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ድምፃቸው እንኳ በቅጡ የማይሰማ ሰው። ስልካቸውን ወደ እኔ አዞሩት።

አሞራው!

አሞራው፣ ጎበዝ! የዳሞት ንስር አማቴ ሊሆኑ ነው!

ጋሽ ማርቆስ የባነኑት ሽማግሌዎቹ ስሜን እስከ አያቴ ሲጠሩ ነው። እኔ ጅሉ የምሳደበው በሙሉ ስሜ ነው።

"ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ ፊደል ያልቆጠርክ ያልከኝ አንተ ነህ?" አሉኝ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። "በደርግ ጊዜ ዩክሬን፣ ካርኪቭ ነው የተማርኩት። አንዱ የዶርም ጓደኛዬ ሩሲያዊ፣ አንዱ ዩክሬናዊ ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ታዲያ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ይቅርታ? ኧረ የት አባቴ! "ጋሼ፣ ማስረጃ ግን አለኝ" አልኳቸው። ምላሴ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ነው የሚሄደው።

"እኔም አለኝ" አሉ።

ማስረጃ ያልኩትን ፎቶ አወጣሁ። እሳቸውም የራሳቸውን አወጡ። ጋሽ ጦና ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጠው አጎነበሱ።

አንድ ፎቶ ነው።

ያው መላጣ ወታደር፣ አንገቱ ላይ ያው የናዚ ንቅሳት፣ ከኋላው ያው የተቃጠለ ቤት። የኔ "የሩሲያ ፋሺስት!" ይላል። የሳቸው "የዩክሬን ናዚ!" ይላል። ሁለታችንም ከሥሩ "ሼር በማድረግ ለዓለም እናሳውቅ" ብለናል።

"በእኛ ገበያ ሁለት ሰው አንድን በሬ የኔ ነው፣ የኔ ነው ብሎ ሲጣላ ብዙ ዳኝቻለሁ" አሉ ጋሽ ጦና። "ያንተ ነው፣ ያንተ ነው ተባብሎ ሲጣላ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ከማን አገኘኸው?"

"ከቴሌግራም ቻናል።"

"ባለቤቱን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።"

"በሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጣቢያ ነበር የምታድረው።"

እኔ እኮ ተማሪዎቼን "ምንጩን አጣሩ" እያልኩ ፈተና የማወጣ ሰው ነኝ!

ጋሽ ማርቆስ መነጽራቸውን ወለወሉ። ከዚያ በሁላችን ፊት ፖስቱን አጠፉት። "ተሳስቻለሁ። ተናድጄ ያገኘሁትን ነው የለጠፍኩት። በዚህ ዕድሜዬ ያሳፍራል" አሉ። "አንተስ፣ ልጄ?"

ልጄ! ልጄ አሉኝ እኮ!

ምህረት የሻይ ትሪ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ከኔ የሚጠበቀው "እኔም ተሳስቻለሁ" ማለት ብቻ ነው። ሁለት ቃል!

"አጠፋዋለሁ" አልኩ። "ግን ጋሼ... የኔ ምንጭ እኮ ትንሽ ይሻላል።"

ጋሽ ጦና ግንባራቸውን ያዙ።

ምህረት ትሪውን አስቀመጠች። "አባቴ ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። ተሳስቻለሁ ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም" አለችኝ። "እኔና አንተ ስንጣላ ስንት ዓመት ልጠብቅህ ነው?"

ተመልሳ ጓዳ ገባች።

ሽማግሌዎቼ "ልጅቷ ታስብበት" ተብለው ተሸኙ። ቦዬው እንደቀረበ ቀረ። ጋሽ ጦና ሚኒባስ ውስጥ አኩርፈው ቆዩና "አሁን እኔን ያስራበኝ ሩሲያ ነው ዩክሬን?" አሉኝ።

ሶዶ ስደርስ ፖስቱን አጠፋሁት። ለምህረትም "ተሳስቻለሁ" ብዬ ጻፍኩላት። አይታዋለች። አልመለሰችልኝም።

አሁን እናንተ እውነቱን ንገሩኝ። ይህን ሁሉ ስታነቡ፣ "ወታደሩ ግን የማን ሆኖ ተገኘ?" ብላችሁ ኮመንት ለመጻፍ እጃችሁን አላሳከካችሁም?

እኔን አሳክኮኛል። የልጅቷን መልስ እየጠበቅኩ፣ በሌላኛው ታብ ሰውዬውን ጉግል እያደረግኩ ነው።