ሞያሌ ጨው ያጣች ጊዜ

እንደ ጨው ውለታው የሚረሳ ነገር አላውቅም። ወጥ ሲጥም የምትመሰገነው ባለሙያዋ ናት፤ ቅቤው ይነሳል፣ በርበሬው ይነሳል፣ አንዳንዴም ድስቱ ሳይቀር ይወደሳል። የጨው ስም የሚጠራው ግን ወይ ሲያንስ ወይ ሲበዛ ነው። ልክ ሲሆንማ ማን አስታውሶት! እስቲ እውነቱን ተናገሩ፣ በዕድሜያችሁ አንድ ቀን ማዕድ ላይ ተቀምጣችሁ «የዚህ ወጥ ጨው እንዴት ልክ ነው!» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ብዬ አላውቅም። በድንበሯ ከተማ በሞያሌ፣ በናይሮቢው ወገን፣ ሆቴል ከፍቼ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ ሳበላ ስኖር የሰማሁት «ጨው አቀብለኝ» እና «ጨው አበዛችሁ» ብቻ ነው።

ሥራው ግን የትየለሌ ነው። ጥርሱን ያመመው ይነክሰዋል፤ ጉሮሮውን የከረከረው ለብ ባለ ውኃ በጥብጦ ይጉመጠመጠዋል፤ ፍየል ያረደ ቆዳዋ እንዳይበላሽበት ይነሰንስባታል። ግመል ጨው ካጣች ወተቷ ይቀንሳል፣ ጠባይዋም ይከፋል፤ ጠባይዋማ ድሮም ያው ነው። አያቶቻችን ደግሞ አሞሌ ብለው ገበያ ይወጡበት ነበር። ሲቸግራቸው የሚልሱት ገንዘብ የነበራቸው እነሱ ብቻ ናቸው። የእኛን ሽልንግ ብንልሰው የምናተርፈው ጉንፋን ነው።

የጨውን ውለታ የማይረሱ አንድ ሰው ብቻ አውቅ ነበር። አባ ታላሶ እንላቸዋለን፤ ታላሶ አንድያ ልጃቸው ናት። አባትና ልጅ ከሆቴሌ ጀርባ ይኖሩ ነበር። አባ ታላሶ የጉልበታቸውን ዘመን የጨረሱት ኤል ሶድ ነው። ኤል ሶድ ከድንበሩ ወዲያ፣ ከዱብሉቅ ገባ ብሎ፣ ምድር አፏን ከፍታ የቀረችበት ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ጥቁር የጨው ሐይቅ ተኝቷል። ጠላቂዎቹ ጆሮና አፍንጫቸውን ወትፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይገቡና ከሐይቁ ወለል ጥቁሩን ጭቃ በዳበሳ ዝቀው ይወጣሉ። ያ ለከብት ነው። ለሰው የሚሆነው ነጩ ሌላ ነው፤ እሱ ብርቅ ነው። ጭነቱን ገደሉን የሚያወጡት አህዮች ናቸው። አህያ ግን ቢያንስ ውኃው ውስጥ አትገባም።

ሐይቁም በነጻ አልሰጣቸውም። አንድ ጆሮ ወሰደባቸው፤ ዓይናቸውን አደከመው፤ ምላሳቸውንም እንዲያ አደነደነው፤ እኛን የሚያስነጥሰን ጨው ለእሳቸው ገና «ልምጣ ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ነው። እና ዕለት ዕለት ሆቴሌ መጥተው፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ የጨውን ሳህን ወጡ ላይ ይገለብጡት ነበር። ሾፌሮቹ ቆመው ያዩዋቸው ነበር። እሳቸውም «ሶጊዳ የሌለው ምግብ እንግዳ የሌለው ቤት ነው» ይሉና ይስቃሉ። ሶጊዳ በኦሮምኛ ጨው ነው።

አንድ ቀን ራሳቸውን አዞራቸውና ወደቁ። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ። ጨው የሚባል ነገር እንዳይቀምሱ ብሎ ለታላሶ ነገራት። ለእሳቸውም ነግሯቸው ነበር፤ ግን በማይሰማው ጆሮ በኩል ይሁን በሚሰማው እንጃ። ታላሶ ለመነች፣ አለቀሰች፣ ጨው ደበቀች። አባቷ ተነስተው ጎረቤት ሄደው አስጨምረው በሉ።

በማግስቱ ታላሶ እኔ ዘንድ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ወንድሜ፣ አባቴን ልትቀብርልኝ ነው ወይስ ልታኖርልኝ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጨው ጠፋ ብያቸዋለሁ። ድንበሩ ለጨው ጭነት ተዘጋ፣ ከናይሮቢ የሚመጣውም መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ፣ ዱካው ሁሉ ባዶ ነው ብያለሁ። አንተም እንደዚያው በል።»

ዱካ የምንለው ሱቁን ነው። ሌላ አገር ቢሆን ይህን ውሸት ሕፃን አይቀበለውም። ሞያሌ ግን ያልጠፋባት ነገር የለም! ስኳር ጠፍቶ ያውቃል፣ ነዳጅ ጠፍቶ ያውቃል፣ ውኃማ መኖሩ ነው ወሬ። አባ ታላሶ «እንዲያ ነው?» አሉና አመኑ። እኛም ተባበርን። ሰው ለክፉ ነገር ሲያሰልፉት እግሩን ይጎትታል፤ ለደግ ውሸት ሲሆን ግን አንድም የሚቀር የለም። ዱካው፣ ጎረቤቱ፣ ከከተማው ዳር ቡቲዬ ያሉት ወዳጆቻቸው ሳይቀሩ በአንድ አፍ «ጨው የለም» አሉ።

የኔ ሆቴል ኑሮ ደግሞ መሳቂያ ሆነ። አባ ታላሶ ከበሩ ብቅ ሲሉ የጨው ሳህኖቹ ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። ሾፌሮቹ በጉልበታቸው መካከል ይቀባበላሉ። እናንተዬ፣ ይህችን ከተማ የሚያውቅ ይፍረድ፤ ስንት ነገር በጠራራ ፀሐይ ድንበር በሚሻገርባት ሞያሌ፣ ተደብቆ የሚያልፍ ኮንትሮባንድ ጨው ብቻ ሆኖ ቀረ። አንድ አዲስ ሾፌር ያልተጨመረበትን ወጥ ጎርሶ «ባለሆቴል፣ ይሄ ሆስፒታል ነው እንዴ?» ሲል የአባ ታላሶ ፊት በሐዘኔታ ተኮማተረ።

«ፖሌ ልጄ» አሉት፣ አይዞህ ማለታቸው ነው። «ጊዜው ነው። ሁላችንም እንደዚሁ ነን።»

ያን ጊዜ ነበር ማፈር የነበረብኝ። እኔ ግን ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አባ ታላሶ እኮ የራሳቸውን ምላስ ረስተው ለእኛ ማዘን ጀምረው ነበር። ሳህኑን ሳይጨርሱ ይተዉና ሾፌሮቹን ያያሉ። «እነዚህ ልጆች በዚህ ምግብ እንዴት ያን ሁሉ መንገድ ይነዳሉ?» ይሉኛል። ለከብቱ ያዝናሉ፤ ገጠር ወጣ ብሎ ዳበል ያሉት ግመሎች እንዴት ሆኑ ይላሉ። «ሐይቁ እዚያ ተኝቶ፣ እኔም በሕይወት ቆሜ፣ ሰፈሬ አልጫ ይብላ?» አሉ አንድ ቀን። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ለታላሶ ዱብሉቅ ያሉ ዘመዶቼን ልይ ብለዋት ሄዱ። እሷም ደስ አላት፤ እኛም ደስ አለን። ለዘመዶቹ ስልክ ደውላ ስለ ጨዉ አስጠነቀቀች። ሆቴሌ ውስጥም ምሕረት ታወጀ፤ የጨው ሳህኖቹ ከእስር ወጥተው በየጠረጴዛው ተቀመጡ።

አባ ታላሶ የተመለሱት ሆቴሉ ጢም ባለበት ሰዓት ነው። ሚኒባስ ከበሩ አወረዳቸው፤ ረዳቱ ከጣሪያው ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ነገር አውርዶ እግራቸው ሥር ጣለ። እግራቸውን አየሁት። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ደም አዝሏል። የኤል ሶድን ገደል ወርደው ነበር። ወጣቶቹ ጠላቂዎች መጥለቅ ሲከለክሏቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ሐይቁ ውስጥ ቆመው ከዳር ዳሩ ነጩን ጨው በእጃቸው ለቅመውታል። ለሰው የሚሆነውን። ለእኛ።

ከጠረጴዛቸው ተቀመጡና የመንገዱን ወሬ ጀመሩ፤ ደስታቸው ሌላ ነው።

«ድንበር ላይ ያለው አስካሪ ያዘኝ» አሉ። አስካሪ ዘበኛው ነው። «‹ምዜ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ምንድነው የተሸከምከው?› አለኝ። ቹምቪ አልኩት፣ ጨው። ሳቀብኝ! ‹ሞያሌ ቹምቪ ሞልቶ፣ ምን ያደክምሃል?› አይለኝ መሰላችሁ? እኔ እንደሆንኩ የመንግሥት ሰው አላምንም። ሰፈሬን አምናለሁ አልኩት፤ አለፍኩ።»

ማንም አልሳቀም። በዚያ ሰሞን ለእሳቸው እውነት የተናገረ ሰው ያ ዘበኛ ብቻ ነበር።

ዓይናቸው ደካማ ነው ብያችኋለሁ። ወሬያቸውን ጨርሰው እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ሲዘረጉ፣ ጣታቸው የጨው ሳህኑ ውስጥ ገባ። ወደ አፋቸው ወሰዱት። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ጭልፋ እንደያዘች ቀረች። እኔም ቁጣቸውን ጠበቅኩ።

ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ገባላችሁ እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አዎ አባ፣ ትናንት ገባልን» ነው።

«ዋቅ ይመስገን! በሉ እንግዲህ እናንተ ካገኛችሁ፣ ይሄን ላላገኙት ላድርሰው» ብለው ተነሱ። ቦዳቦዳ ሞተር ተጠርቶ ማዳበሪያው ከኋላ ታሰረ። አሳሪው እኔ ነኝ። ወደ ቡቲዬ ሲሄዱ ቆሜ አየኋቸው፤ «ይቅር፣ ተመለሱ» የምትል ሁለት ቃል ከጉሮሮዬ ሳትወጣ አቧራው ዋጣቸው።

መጀመሪያ የደረሱበት ቤት ጨው አለ። «ገባላችሁ? እሰይ» ብለው አለፉ። ቀጥሎ ያለውም ቤት ጨው አለ። ሦስተኛው ቤት የአንዲት አሮጊት ወዳጃቸው ነው፤ እሳቸው ነገር መደበቅ አያውቁም። «ጨው መቼ ጠፍቶ ያውቃል፣ አንተ ሰውዬ? እንዳትበላ ብለው ነው እንጂ!» አሏቸው። እንደ ምሥራች ነው የነገሯቸው አሉ፣ እየሳቁ።

ሲመለሱ በሆቴሌ ደጅ አለፉ። አልገቡም። ማዳበሪያው አፉ እንደታሰረ ነበር።

ቤት ገብተው ለታላሶ ያሏትን እሷው ናት የነገረችኝ፤ በእያንዳንዱ ቃል ላይ እየቆመች።

«ጨው ስለከለከልሽኝ አልቀየምሽም ልጄ፤ ለነፍሴ ብለሽ ነው። ለሰፈሩ ያዘንኩትን ሐዘን ግን የት ልጣለው?»

ከዚያ ወዲህ አባ ታላሶ ጨው አልጠየቁም። የቀረበላቸውን በሉ፤ ተመስገን አሉ። ሆቴሌም ድርሽ አላሉ። ልጠራቸው ሄጄ ነበር። በፈገግታ ተቀበሉኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። እንደ እንግዳ። ቢቆጡኝ፣ በከዘራቸው ቢሉኝ ምናለ አልኩ፤ ሰው የሚቆጣው ግን ገና የእኔ ነው በሚለው ላይ ነው። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለክቶ ተደነቀ፤ ታላሶንም አመሰገናት፤ እንዲህ ያለ ታዛዥ ሽማግሌ አላየሁም አላት። እሷ ሐኪሙ ፊት አለቀሰች፤ እሱ ከደስታ መሰለው።

በበጋው መጨረሻ አረፉ። እርጅና ነው አሉ። ግፊታቸው እስከ መጨረሻው እጅግ ጥሩ ነበር።

የሰደቃው ዕለት ደጃቸው ላይ ድስት ተጥዶ ሰው ጎረፈ። ከዳበል፣ ከማዶም ሳይቀር መጣ። ሴቶቹ ከወጡ ቀምሰው ጨው አነሰው አሉ፤ ያመጡትም አልቋል። ወደ ዱካ ሰው ከመላክ አንዷ እጇን በር ሥር ወዳለው ማዳበሪያ ሰደደች፤ በማን ድካም የመጣ ጨው እንደሆነ የምታውቅ አልመሰለኝም። ታላሶ አየቻት፤ ዝም አለች። እኔም አየሁ፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታ ለምዶብናል።

ማዕዱ ቀረበና ጎረስን። አጠገቤ የተቀመጠው የሩቅ እንግዳ፣ የሆነውን ሁሉ የማያውቅ፣ እጁን እየላሰ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«የዚህ ወጥ ጨው እንዴት ልክ ነው!»

ታላሶ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሰፈሩ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ግን እጁን ከሳህኑ ያወጣ አልነበረም። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኛ ያን ቀን እያለቀስን ላስነው። ከየትኞቹ እንደሆንን እናንተ ፍረዱ።