በጭቃና በወሬ መካከል አምስት ኢንች

ከፍ ማለትን የሚጠላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሹመት ከፍ ማለት ነው፤ ሰርግ ቤት ከፍ ያለው ወንበር የሙሽራ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው እንኳ ገንዘብ ቢያጥረው ክፍሉን ያጠብባል እንጂ መሠረቱን ዝቅ አያደርግም። እኛ ነገሌ ቦረና የምንኖር ሰዎች ደግሞ ይህን አመል ወደ መኪና አዙረነዋል። በሌላ አገር መኪና የሚደነቀው በቀለሙ ወይም በወንበሩ ልስላሴ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሰው መኪና ሲያይ መጀመሪያ ጎንበስ ይላል። ሆዷ ከመሬት ምን ያህል እንደራቀ አይቶ ነው ባለቤቷን ሰላም የሚለው። ፍየል አንገቷን ሳትሰብር በሥሯ ካለፈች ባለቤቱ «ጋሼ» ይባላል። ፍየሏ ጀርባዋን ከታከከች ግን ስሙን ብቻ ይጠሩታል።

እኔ ለብዙ ዓመት በስሜ ብቻ ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሥራዬ የከብት መድኃኒት መሸጥ ነው። ገበያ ተከትዬ ሜጋም እሄዳለሁ፣ ተልተሌም እሄዳለሁ። ለዚሁ ብዬ አንዲት ያገለገለች ፒክአፕ ገዛሁ። ጋቢናዋ ሁለት ሰው በምቾት፣ ሦስት ሰው በመተዛዘን ይይዛል። መቼም የሠሯት ሰዎች አስፋልት አስበው ነው፤ ያኔ ደግሞ አስፋልት ለእኛ በወሬ የምናውቀው ነገር ነበር። ድንጋዩ ሆዷን እየፋቀ፣ አሸዋው እየያዛት፣ እኔም ከሾፌርነቱ ይልቅ ቆፋሪነቱን እየለመድኩ ሁለት ዓመት ተጓዝን።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ከጎጃም ተነስተው ከጦሩ ጋር ነገሌ መጡ። ጦሩ ሲበተን ባልደረቦቻቸው ወደየአገራቸው ሄዱ፤ እሳቸው ግን ሚስቴ የተቀበረችበትን ከተማ ትቼ የት እሄዳለሁ ብለው ቀሩ። ግራ ጉልበታቸውን ጥይት ስለመታው እግሩ አይታጠፍም። ሲቀመጡ ወደፊት ዘርግተውት ነው። ይህን እግር ልብ በሉልኝ። መከራው ሁሉ የመጣው እኔ ልብ ሳልለው በመቅረቴ ነውና እናንተ እንኳ ልብ በሉት።

እግሩስ የቆየ ነገር ነው። ያስጨነቀን ዓይናቸው ነበር። ቀኙ በዓይን ግፊት ምክንያት ጠፍቷል፤ ግራውም በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ሰውን በድምፁ እየለዩ በዓይናቸው የለዩ ያስመስሉ ነበር። እኔም እንዳልነቃሁ እሆን ነበር። በዚህ መካከል የዓይን ሐኪሞች ለሦስት ቀን ክብረ መንግሥት እንደሚመጡ ተነገረ። የእኛ ጤና ጣቢያ ያለው ሰውዬ አባቴን አይቶ፣ ይህ ዓይን አሁን ካልተሠራ ሌላ ጊዜ የሚሠራ ነገር አይኖርም አለኝ። ቀጠሮም አስያዘልን፤ የደረሰን የሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው፤ የመጨረሻው።

ችግሩ ወቅቱ ነበር። ቀኑ የበልግ ዝናብ እምብርት ላይ ወደቀ። በዚያ ወቅት ከነገሌ ክብረ መንግሥት የሚወስደው መንገድ መንገድ የሚባለው ከልማድ የተነሳ ነው። ዋደራ አካባቢ አውቶቡስ ጭቃ ይዞት ተሳፋሪው እዚያው ያድራል። ስለዚህ ለአባቴ ዓይን ስል ፒክአፗን ከፍ አስደርጋለሁ ብዬ ለሠፈሩ አወጅሁ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገርና ይቅለለኝ፦ ሐሳቡ ከአባቴ ዓይን በፊት እኔ ዘንድ ነበረ። የሚያምር ምክንያት እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ጥሩ ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ውስጡ ቢፈተሽ እንዲህ ያለ ነገር ይገኝበት ይሆን? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

መካኒኩ ገመዳ ይባላል፤ ጉጂ ነው፤ ከእጁ ያመለጠ ብረት የለም። «አካም ጋሼ፣ ናጋ?» ብሎ ተቀበለኝ። ከፍታዋን ገና ሳይነካ ጋሼ ማለቱ ደስ አለኝ። ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ እንደሚጨምር፣ የፊቱን እንደሚያነሳ፣ መንገጫገጩን የሚያበርደውን አሞርዛተርም በረጅም እንደሚቀይር ነገረኝና፣ ስንት ኢንች ላንሳት አለኝ። ስንት ይሻላል ብዬ መልሼ ጠየቅሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሁለት ኢንች ለመንገድ ነው፣ አራት ለጭቃ ነው፣ ስድስት ደግሞ ለወሬ ነው አለኝ።

በእኛ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን አይወስንም። ቦረና አንድን ጉዳይ ዛፍ ሥር አውጥቶ ሁሉም ሳይናገርበት አይቆርጥም፤ እኛም የከተማዎቹ ከእነሱ ጋር ስንኖር ልማዱን ወስደናል፤ ትዕግሥቱን ብቻ ነው ያልወሰድነው። በግማሽ ቀን ውስጥ ጋራዡ በር ላይ ሸንጎ ቆመ። አንዱ የተልተሌን ድንጋይ ቁመት በክንዱ ለካ። ሌላው አምና ጭቃው የደረሰበትን ቦታ ጭኑ ላይ አሳየን። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ጎርፍ ያሻገረበትን ቀን ሲተርክ ውሃው በየዐረፍተ ነገሩ ከፍ እያለ ሄዶ መጨረሻ ላይ እሱም መኪናውም እንዴት እንደተረፉ ለማመን አስቸገረን። ድንጋይ ተለካ፣ ጭቃ ተለካ፣ ውሃ ተለካ። የሚሳፈረውን ሰው የለካ አልነበረም።

የለም፣ ልዋሽ ነው፤ አንድ ሰው ነበሩ። ኦቦ ጃርሶ ግመል አርቢ ናቸው፤ መድኃኒት ከእኔ ነው የሚገዙት። ዱላቸውን ተደግፈው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ተራ ጠየቁ። «ረጅም ነገር ጥሩ ነው» አሉ። «ግመልም ረጅም ነው። ግን ሰው ልትጭን ስትል ቁጭ ይላል። ይሄ መኪና ቁጭ ይላል?» ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ዱላቸውን አንስተው ተሰናብተው ሄዱ።

ገመዳ አራት በቂህ ነው አለኝ። እኔ ግን ዓይኔ ስድስቱ ላይ ነበር፤ ስድስት ለወሬ ነው ከተባለ በኋላ ስድስት ማለት ደግሞ አፈርኩ። ስለዚህ አምስት አልኩት። በጭቃና በወሬ መካከል አምስት ኢንች። ገመዳ እሺ አለና፣ በዚህ ከፍታ ትልልቅ ጎማ ካልገባላት ታስቃለች ብሎ ትልልቅ ጎማ ጨመረላት። ስትወጣ ከበፊቱ በስንት እንደረዘመች አልጠየቅሁም። ፍየል ሳይሆን ጥጃ ታሳልፋለች።

አባቴን ሄጄ ነገርኳቸው። አልጠየቅኋቸውም፤ ነገርኳቸው። ስለ ባሌስትራ አባት ይጠየቃል እንዴ? እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው፣ «የሰው ፊት የማታይበት እንጀራ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከተማውን ዞርኩባት። ሰው ቀና ብሎ ሰላም ይለኝ ጀመር። ሰላምታ ከታች ሲመጣ ጣዕሙ ልዩ ነው፤ ደግሞም ያሳውራል።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ለማግስቱ ጠዋት ቀጠሮ ክብረ መንግሥት ማደር ስላለብን በጠዋት ተነሳን። አባቴ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ የቀጠሮዋን ወረቀት በደረት ኪሳቸው ይዘው ወጡ። የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው። ቀኝ እግራቸውን አነሱ፤ መርገጫው ጋ ደረሰ። ግን ያ የሚታጠፈው እግር ከመሬት ከተነሳ፣ መላ ሰውነታቸውን የሚገፋው የማይታጠፈው ነው። አልገፋም። ወርደው እንደገና ሞከሩ። ዱካ አመጣሁ፤ ጭቃው ላይ ተወላገደ። ሁለት ድንጋይ ደረብኩ፤ ሲረግጡት ተንሸራተተና በሩን አንቀው ተረፉ። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ካሶኒው ይሻል ይሆን ብዬ ዞርኩ፤ እሱ የባሰ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኔ ይመስለኛል፤ መኪናዬ እዚያ ላይ ናት፣ አባቴ እዚህ ታች ናቸው።

ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አራት ጎረምሶች፣ እኛ ብድግ አድርገን እናስገባቸዋለን አሉ። አባቴ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አንድ ጊዜ አራት ሰው ተሸክሞኛል» አሉ። «ጉልበቴን የተመታሁ ቀን። ከተሸከሙኝ ሁለቱ እኔን እንደያዙ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲሸከመኝ አልፈቀድኩም፤ ዛሬም አልፈቅድም።»

ይህን ታሪክ በዕድሜዬ ሙሉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጉልበታቸውን ጥይት መታው፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ጎረምሶቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

ገመዳ ያወርዳት እንደሆነ ብዬ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ገመዳ ለሥራ ያቤሎ ሄዷል። ስመለስ አባቴ ደጅ የሉም። ከዘራቸውን ይዘው መናኸሪያ ወርደዋል። ዝናቡ ያዘገየው አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር፤ ወለሉ ዝቅ ያለ፣ በሩ ላይ መያዣ ብረት ያለው። ስደርስ መያዣውን ጨብጠው ራሳቸውን ስበው ወጥተው፣ የፊት ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አብሬያቸው ልግባ ብዬ ነበር፤ ሞልቷል። ደግሞም መንገዱ ላይ ይህ አውቶቡስ ቢያዝስ? ስለዚህ ባዶዋን ፒክአፕ አስነስቼ ተከተልኩ።

እንግዲህ አስቡት። ከፊቴ አባቴን የያዘ ዝቅ ያለ አውቶቡስ እየተንፏቀቀ ይሄዳል፤ ከኋላው እኔ፣ አጠገቤ ባዶ ወንበር፣ ለማንኛውም ጭቃ የተዘጋጀሁ። እያንዳንዱን ጉድጓድ አለፍኩ። እያንዳንዱን ድንጋይ ዘለልኩ። መኪናዋ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሄዳ አታውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ ተይዛልኝ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር።

እንዳትጨነቁ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ዓይኑ ተሠራ፣ ተረፈም። አባቴ ዛሬም ደጅ ተቀምጠው ሰውን በዓይናቸው ይለያሉ። ለመናገር የፈለግሁት ግን ዋደራ ሳንደርስ የሆነውን ነው።

አውቶቡሱ እንደተፈራው አንድ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ጭቃ ገባና ቀረ። ጎማው በዞረ ቁጥር ይሰምጣል። ቀኑ ወደ ማምሻው ነው፤ እዚያ ካደርን ቀጠሮው አለፈ፣ ዓይኑም አለፈ ማለት ነው። ተሳፋሪው ወረደ። አውቶቡሱ ውስጥ የቀሩት አባቴና ከጎናቸው ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። እኔ በዳር በኩል አልፌ ከፊት ቆምኩ፤ ገመድ ታሰረ፤ ሰዉ ከኋላ ገፋ፤ እኔ ሳብኩ። ገመዱ ሁለት ጊዜ ላላ፣ ሁለት ጊዜ ተወጠረ፤ በሦስተኛው አውቶቡሱ እየተነፈሰ ወጣ። ተሳፋሪው በሁለት ቋንቋ መረቀኝ። ሾፌሩ ከፍታዋን ዞሮ ዞሮ አየና፣ ጋሼ ይቺን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ አለኝ። አሳዳጅ እንዳለበት ሰው ቶሎ ቶሎ ገመዱን መጠቅለል ያዝኩ።

የአባቴ መስኮት ሥር ነበር የምጠቀልለው። ሕፃን ያቀፈችው ሴት አንገቷን አስግጋ አየችኝና ወደ አባቴ ዞረች። «አባባ፣ ልጅዎ ነው እንዴ?» አለቻቸው። ነው አሏት። «ታዲያ ይህን የመሰለ መኪና ያለው ልጅ እያለዎት ምነው ከእኛ ጋር ተንገላቱ?»

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በዚያች በቀረቻቸው ዓይን እኔ ወዳለሁበት አየት አደረጉ፤ ማየታቸውን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በእርጋታ፣ እንደሚመርቅ ሰው በለዘበ ድምፅ መለሱላት።

«ለእኔ ብሎ አስረዘማት። ለእኔ ባይል ኖሮ እሳፈርባት ነበር።»